የሩዝ እጣቢ፣ የነጠላ ጥላ

በጅቡቲ ከተማ ከመግሪብ በፊት ያለችው ሰዓት የሩጫ ሰዓት ናት። ጎዳና ዳር ሳምቡሳና ባጂያ የሚጠብሱት ሴቶች ዘይቱን አግለዋል፤ ረዣዥም ዳቦ በብብታቸው የሸጎጡ ልጆች በአረንጓዴና ነጭ ታክሲዎች መሃል ይሹለከለካሉ። ፀሐይዋ ብታዘነብልም ግንቡ ቀን የጠጣውን ሙቀት ገና እየተፋ ነው። አምቡሊ ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ባለው ቤት ቴራስ ላይ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ ሁለት ድስት ጥደው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንደኛው ምድር ቤት ለሚኖሩት አከራያቸው ማፍጠሪያ የሚሆን ሩዝ ነው። ሁለተኛው ለራሳቸውና ለልጆቻቸው የሁዳዴ ምስር ወጥ ነው።

ሩዙን ሦስት ጊዜ አጠቡት። እጣቢውን ግን አንድ ጊዜም አልደፉትም። ጎንበስ ብለው፣ በገንዳ አፈር ውስጥ እስከ አንገቱ ከተቀበረ ማሰሮ አፍ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሡ፤ እጣቢውን አንቆረቆሩ፤ ድንጋዩን መልሰው ከደኑ። ማሰሮውን ቆስጣ፣ ድንብላልና አምስት እግር ቃሪያ ከበውታል። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ወጣቸውን እያማሰሉ ነበር። የዕለቱ አትክልት ማጠጣት በዚህ አለቀ።

ይህን ያየሁት በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ረመዳን ተከተለ። እንጀራ ጋግሮ ለሚሸጥ፣ ሰው ቤት ለሚሠራ፣ ለሹፌሮች ምሳ ለሚያቀርብ ኢትዮጵያዊ፣ ሁለቱ ጾሞች ተደራርበው ሲመጡ ከዓመቱ ሁሉ ሥራ የሚበዛበት ወቅት ይሆናል። ቅጠላ ቅጠልም ከዚያ ጊዜ በላይ የሚፈለግበት የለም። ሳምቡሳው ድንብላልና ቃሪያ ይፈልጋል፤ ጾመኛው ቆስጣና ጎመን ይፈልጋል፤ ሻዩ ናና ይፈልጋል። ሰው ለጓሮው ጊዜ ሲያጣ፣ ጓሮው ደግሞ ያኔ ነው የሚያስፈልገው።

እኔ ይዤው የመጣሁት ጥያቄም ይኸው ነበር። ጅቡቲን በሚያህል ሙቅና ደረቅ ከተማ፣ ጊዜ የሌለው ሰው እንዴት አትክልት ያበቅላል? ወይዘሮዋ የመለሱልኝ በሥራቸው ነው፤ ለአትክልቱ የተለየ ሰዓት መድቦ አለማስቸገር። አትክልቱን ሩዝ ከማጠብ፣ ከአከራያቸው የሶላት ትጥበት (ውዱእ)፣ ቡና ከማፍላት፣ ማለትም ከማይቀረው የቤት ሥራ ጋር ማሰር። ይህን ካየሁ በኋላ ስለ ከተማ ግብርና የማስበው ሁሉ ተለውጧል። ጓሮ የሚደርቀው ባለቤቱ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን፣ ጓሮው ከቤቱ ኑሮ ተነጥሎ ስለተተከለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከደጋ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው በወቅቱ ነው። እኛ ዘር የምናስበው ክረምት ሲቃረብ ነው። በጅቡቲ ሰኔና ሐምሌ የመግደያ ወራት ናቸው፤ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የሚሉት አቧራማ የበረሃ ነፋስ ቅጠሉን ጠብሶ ይጥለዋል። የዓመቱ ዝናብ ተጠራቅሞ 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ አዲስ አበባ ከአንድ ሺህ በላይ ታገኛለች። ስለዚህ እዚህ ዘር የሚዘራው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ጥርና የካቲት፣ ቀኑ ወደ 29 ዲግሪ ሲረግብ፣ የአትክልት እውነተኛ ወራት ናቸው። መጋቢት የመጨረሻው በር ነው። ሁለቱ ጾሞች በዚያ ዓመት የገቡት በሩ ሊዘጋ ሲል ነበር።

ሁለተኛው ፈተና ጨው ነው። ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ጊዜ ጀምሮ የኖረችው በአምቡሊ የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ሕዝቡ ሲበዛና ውሃው ያለ ልክ ሲሳብ፣ የባሕሩ ጨው ወደ ከርሰ ምድሩ እየገባ አስቸገረ። ጨዋማ ውሃ ያጠጣ ሰው ከሳምንታት በኋላ በአፈሩ ዳርና በገንዳው ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ያያል። ውሃው ተንኖ ጨው ብቻ መቅረቱ ነው። ያኔ ቅጠሉ ከጫፉ መቃጠል ይጀምራል። ባቄላ፣ ካሮትና ሽንኩርት ጨው ቶሎ ያሸንፋቸዋል፤ ቆስጣና ቀይ ሥር ግን ይችሉታል። ወይዘሮዋ ቆስጣ ላይ ያተኮሩት ጣዕሙን ስለሚወዱት ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ የቧንቧው ነገር መነሣት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሶማሌ ክልል፣ በአዲጋላ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች የወጣ ውሃ ድንበር ተሻግሮ፣ በአሊ ሳቢህ በኩል እስከ ጅቡቲ ከተማ ይወርዳል። መስመሩ 102 ኪሎ ሜትር ነው፤ በቀን እስከ 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያስተላልፍ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ገንዘቡ ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር ተገኝቷል። አዲጋላ የድሮው የምድር ባቡር ጣቢያ ናት፤ አሁን ደግሞ ውሃው ከእሷ ይነሣል። በዶራሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የባሕር ውሃ የሚያጣራ ጣቢያ ሥራ ጀምሯል። ሆኖም የቧንቧ ውሃ በየሰፈሩ እኩል አይደርስም፤ በከተማዋ የባልባላ ሰፈር ዳርቻ ጀሪካን የሚጠባበቅ ቤት ዛሬም አለ። ያቺ የሩዝ እጣቢ ምናልባት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ የመጣች ናት። ይህን ሳስብ፣ አንዴ ሩዝ አጥባ ወደ ቦይ እንድትገባ መፍቀድ ነውር ሆኖ ታየኝ።

ወደ ማሰሮው ልመለስ፤ ምክንያቱም የጓሮው ጥበብ ሁሉ እሱ ጋ ነው። ሥራው የቆየ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ፋን ሸንግዢ የተባለው ቻይናዊ የግብርና ጸሐፊ፣ ሸክላ ቀብሮ በዙሪያው ተክል ስለማልማት ጽፏል። ያልተለበጠ ሸክላ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ውሃው በእነሱ በኩል ወደ ደረቀው አፈር ይሳባል፤ አፈሩ ሲረካ መሳቡ ይቆማል። ሥሩም እርጥበቱን ተከትሎ ሸክላውን ያቅፈዋል። ላዩ ደረቅ ስለሆነ ፀሐይ የምትወስደው ጥቂት ነው፤ አረምም አይበረታም። ሦስት ሊትር የሚይዝ ማሰሮ እንደ ሸክላውና እንደ ወቅቱ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ያጠጣል።

ወይዘሮዋ መጀመሪያ የሞከሩት አንገቱ በተሰበረ ጀበና ነበር። ቀበሩት፤ ሞሉት፤ ከሳምንት በኋላ ሲያዩት ውሃው እንዳለ ነው፤ ቃሪያው ግን ጠውልጓል። ነገሩ የገባቸው ሲቆይ ነው። ጀበናው ለዓመታት ቡና ፈልቶበታል፤ ከዚያም በፊት ተሟሽቷል። እናቶቻችን አዲስ ሸክላ የሚያሟሹት ቀዳዳው እንዲደፈን፣ ወጡም ቡናውም እንዳያንጠባጥብ ነው። ለአትክልት የሚፈለገው ግን የሚያንጠባጥበው ነው! ከዚያ በኋላ በድሬዳዋ በኩል ለሚመላለስ ዘመድ ያልተሟሸ ማሰሮ አዘዙ። ፈተናው ቀላል ነው፤ ማታ ውሃ ሞልተው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡታል፤ ጠዋት ውጭው ካላበው ይቀበራል፤ ካላላበው ለወጥ ይሆናል።

ሸክላ ለማያገኝ ሰው ሁለት ባልዲ አለ። አንዱ ባልዲ ሌላው ውስጥ እንዲቀመጥ ተደርጎ፣ በመሃላቸው የውሃ ቦታ ይቀራል። የላይኛው ታች በምስማር ይበሳና ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ የጥጥ ጨርቅ ተጎንጉኖ በቀዳዳው ይገባል፤ አንዱ ጫፍ ውሃው ውስጥ፣ ሌላው አፈሩ ውስጥ። ኩራዝ አብርቶ የሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ክሩ ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ጨርቁም ውሃውን ይስባል። ውሃ የሚጨመረው በጎን በተበጀች ቀዳዳ ሲሆን እሷም በቡሽ ትዘጋለች። ናናና በሶብላ በዚህ መንገድ ደህና ይበቅላሉ። ሁለቱንም ወጥ ቤቱ በር ላይ ማድረግ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሥራ የበዛበት ሰው ቴራሱ ጥግ ያለውን ይረሳል፤ እጁ ሥር ያለውን ግን ሳያስበው ይቀጥፋል፤ መቀጠፉም ተክሉን ያበዛዋል።

የተከደነው ድንጋይና የተደፈነችው ቀዳዳ ትነትን ለመከላከል ብቻ አይደሉም። ይህን በጥብቅ እናገራለሁ፤ በጅቡቲ ከተማ ክፍት ውሃ ማስቀመጥ ጎረቤትን መጉዳት ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ ቀድሞ በእስያ የምትታወቀው የወባ ትንኝ በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘችው እዚሁ ጅቡቲ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሌሎቹ የወባ ትንኞች ረግረግና ኩሬ ይወዳሉ፤ እሷ ግን በከተማ ውስጥ፣ በበርሜል፣ በባልዲና በታንከር ውሃ ትራባለች። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73 ሺህ አለፈ። ትንኟ ወደ ኢትዮጵያም ተሻግራ በ2016 ተገኝታለች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ተጠያቂ ሆናለች። በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል እስከ ክንፍ አውጥቶ መብረር ከአሥር ቀን ያነሰ ይበቃታል። ስለዚህ ከአበባ ማሰሮ ሥር የሚቀመጠው ሳህን በአሸዋ ይሞላል ወይም በየሳምንቱ ይደፋል፤ የውሃ በርሜል በወንፊት ጨርቅ ይታሰራል። በቴራሱ ላይ አንድም ክፍት ውሃ አላየሁም። ወይዘሮዋ ከሦስት ዓመት በፊት አንዱ ልጃቸው በወባ ታሞባቸው ነበር።

ጥላውን የተማሩት ከሰፈራቸው ነው። የአምቡሊ ወንዝ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚፈስ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሲፈስ ደግሞ ጨርሶ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 በጎርፉ ብዙ ሰው ሞቷል። በዚያ አሸዋ ዳር ግን የቆዩ የአትክልት ቦታዎች አሉ፤ በማልማቱ የመናውያን አትክልተኞች የታወቁ ናቸው። አሠራሩን ቀና ብሎ ማየት ይበቃል፤ ከላይ ተምር፣ በመሃል ሎሚና ሮማን፣ ከታች ቅጠላ ቅጠል። ተምሩ ፀሐዩን ይከፋፍለዋል፤ ከታች ያለው የሚያገኘው የተጣራ ብርሃን ነው። ቴራስ ላይ ተምር አይተከልም። ወይዘሮዋ በአራት ብረት ላይ ሁለት ያረጁ ነጠላዎች ወጠሩ፤ በምዕራብ በኩል፣ የከሰዓቱ ፀሐይ በሚመታበት፣ የአፋር ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል የሚሠሩትን ሰሌን አቆሙ። ነጠላው ስስ ስለሆነ አየር ያሳልፋል፤ ብርሃኑንም ጨርሶ አይከለክልም። ፕላስቲክ ሸራ ወጥሮ አትክልቱን የቀቀለ ጎረቤት እንዳላቸው ነገሩኝ።

ከነጠላው በላይ ደግሞ ከዓሣ ወደቡ የመጣ፣ አጥማጆች የጣሉት መረብ ተዘርግቷል። እሱ ለቁራ ነው። በጅቡቲ ሰማይ ላይ የሚንጫጩት እነዚያ ግራጫ አንገት ያላቸው የሕንድ ቁራዎች ገና የበቀለ ችግኝ ነቅለው መጣል ይወዳሉ፤ ለምን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። ምድር ላይ የሚተክል ሰው ደግሞ ፍየል አለበት። የከተማዋ ፍየሎች ካርቶንም ይበላሉ፤ ጎመን አግኝተው አይምሩም።

ለዚህ ነው ባልባላ ውስጥ፣ ቴራስ በሌላቸው የቆርቆሮ ቤቶች፣ ጆንያ የሚሻለው። የ50 ኪሎ የሩዝ ጆንያ በአፈር ይሞላል፤ መሃሉ ላይ ከታች እስከ ላይ የጠጠር ዓምድ ይቆማል፤ ውሃው በጠጠሩ በኩል ወርዶ ለሁሉም ይዳረሳል። ጎኑ በቢላ እየተቀደደ ችግኝ ይገባበታል። አንድ ጆንያ ሃያ ሠላሳ እግር ቅጠል ይይዛል። በናይሮቢዋ ኪቤራ፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 የምርጫ ግጭት በኋላ ምግብ ሲወደድ፣ በዚህ ጆንያ ብዙ ቤት ጎመን በልቷል። ጆንያው ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ከቆመ ፍየል በቀላሉ አትደርስበትም። እንዲያውም ጠላትነቷን በበጠጧ ትክሳለች፤ ብቻ በጠጡ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር መቆየትና አንዴ በውሃ መታጠብ አለበት፤ ትኩሱ ጨው አለው፤ ሥርም ያቃጥላል።

ስለ ጨው ካነሣሁ አይቀር፣ በዚህ ከተማ ውስጥ በነጻ የሚንጠባጠብ፣ ጨው የሌለበት ውሃ አለ። ጅቡቲዎች ክሊም የሚሉት የአየር ማቀዝቀዣ ነው። የባሕር ዳር አየር እርጥብ ስለሆነ፣ መሣሪያው ሲያቀዘቅዘው እርጥበቱ ውሃ ሆኖ በቱቦ ይወርዳል፤ በወበቃማ ቀን ከአንዱ ክሊም ብዙ ሊትር ይገኛል። ይህ ውሃ እንደ ዝናብ ነው፤ ከአየር የመጣ ስለሆነ ጨው አልያዘም። በመሣሪያው ብረት ላይ ስለሚያልፍ ለመጠጥ አይሆንም፤ ለአፈር ግን መድኃኒት ነው። በወር አንድ ጊዜ አጠራቅሞ እስኪያልፍ ድረስ በገንዳው ላይ ቢለቁት የተከማቸውን ጨው አጥቦ ይወስዳል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ መብራት ትገዛለች፤ ስለዚህ ክሊሙን የሚያዞረውም ብዙውን ጊዜ የኛው የወንዝ ውሃ ነው፤ በሽቦ መጥቶ በጠብታ ይወርዳል።

እጣቢ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የሩዝ፣ የምስርና የቅጠል እጣቢ መልካም ነው፤ በዕለቱ ካልፈሰሰ ግን ይሸታል። ጨው የገባበት የፓስታ ውሃና የሳሙና እጣቢ አይሆንም። የውዱእ ውሃ ሳሙና ስለሌለበት ከሁሉ ይበልጣል፤ በቀን አምስት ጊዜ፣ ሰዓቱን ሳያዛንፍ የሚመጣ ውሃ የት ይገኛል? ዝናብ ደግሞ ሲመጣ አያስታውቅም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዓመቱ የበለጠ ዘንቦ ከተማዋ ተጥለቀለቀች። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሲዘንብ አንድ ሊትር ነው፤ ሃያ ካሬ ቆርቆሮ ላይ ሃያ ሚሊ ሜትር ቢወርድ አራት መቶ ሊትር። በርሜል አስቀድሞ የተዘጋጀለት ያገኘዋል።

ለዘር ሁለት ነገር ብቻ ልበል። የሰላጣ ዘር አፈሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ያንቀላፋል፤ አይሞትም፣ ግን አይነሣም። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሁለት ሦስት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ይቀሰቅሰዋል። ድንብላል ደግሞ ሲሞቀው ቅጠል ትቶ ወደ አበባ ይሮጣል፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን መዝራት ሳይሆን፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጭብጥ መበተን ነው።

ጨርሶ አፈር የሌለው ሰውም አለ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚኖር፣ ሌሊት የሚመለስ። ለእሱ አብሽ አለለት። አንድ እፍኝ አብሽ ሌሊት ተነክሮ፣ ጠዋት ተጠንፍፎ፣ በወንፊት ላይ በእርጥብ ጨርቅ ቢሸፈንና በቀን ሁለቴ ቢረጭ በሦስተኛው አራተኛው ቀን ይበቅላል። በስስ አፈር ላይ ከተበተነ በአሥር ቀን ገደማ የሚቆረጥ ቅጠል ይሰጣል። እኛ በጾም በቆልት የምንበላ ሕዝብ ነን፤ ባቄላ አብቅሎ መብላት ለኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። አሮጌ ሽንኩርትም ብርጭቆ አፍ ላይ ቢቀመጥ አረንጓዴ ጭራ ያወጣል፤ ሽሮው ላይ ይከተፋል።

ወይዘሮዋን ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ተመልሼ አየኋቸው። ሙቀቱ ገብቶ ነበር። ቲማቲሙ አበባውን ያራግፋል፤ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘና ቀኑ ከ35 ዲግሪ ካለፈ ፍሬ አይቋጥርም። ስለዚህ ነቅለውታል፤ ሰላጣውንም እንዲሁ። የቀሩት ሙቀት የሚችሉት ናቸው፤ ቃሪያው፣ በሶብላው፣ ቅጠሉም የሚበላው ስኳር ድንች፣ በርሜል ውስጥ የተተከለው ሽፈራው። ነጠላው ዝቅ ብሎ ታስሯል። ከአከራዩ ክሊም ሥር አዲስ ባልዲ ተቀምጦ፣ ቱቦው በክዳኑ ቀዳዳ ገብቷል።

አከራዩ አዛውንት በረመዳን ውዱእ የሚያደርጉት ደረጃው ሥር ባለ ትልቅ ሳህን ላይ ነበር፤ የልጅ ልጃቸውም ውሃውን በጆግ እየቀዳ ወደ ላይ ይወስድ ነበር። ረመዳን ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በፊት የልጁ ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ተንጣጣ፤ ጆጉን በሁለት እጁ አቅፎ ብቅ አለና ማንንም ሳይጠይቅ ድንጋዩን አነሣ።